ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም፦ ፓምፑን ከማስወረድህ በፊት ሌሊቱ ምን እንዳደረገ ጠይቅ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው ባህር ዳር ነው ያለው፣ 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍታ ሞተር ያላት አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፕ አለችው፣ ከዘጌ ቡናና ማንጎ ይጭንባታል። ማክሰኞ ማታ የማደያው ሰልፍ አላንቀሳቅስ ብሎት ከመንገድ ዳር በጀሪካን 20 ሊትር ናፍታ ገዝቶ ሞላ፣ በሰላም ቤቱ ገባ፣ አቆማት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሊያስነሳ ሲል ሞተሪኖው (ማስነሻው) እንደ ጉድ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ባትሪው የ3 ወር ነው። አንድ መካኒክ መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ፓምፑ ሞቷል፣ ይውረድና አዲስ አበባ ይላክ» አለው፣ ፓምፕ ያለው ናፍታውን በግፊት ወደ ሞተሩ ሚልከውን ነው። «ጋሼ እውነት ፓምፑ ነው? ላስወርደው?» ነው ሚለኝ።

ወንድሜ፣ አታስወርደው። ቢያንስ ዛሬ አታስወርደው። ማታ ጭነት ይዞ አንተን ቤትህ ያደረሰ ፓምፕ ቆሞ ባደረበት ብቻውን አይሞትም፣ እንደዛ ሚሆነው በጣም በጣም አልፎ አልፎ ነው። የዚህ ሞተር ፓምፕ ሲያረጅ ቀስ እያለ ነው ሚያረጀው፣ ምልክቱንም ቀድሞ ይሰጥሃል፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሚያስቸግረው ደግሞ ጠዋት ሳይሆን ሲሞቅ ነው፣ ማለትም ዘጌ ደርሰህ አጥፍተህ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ አልነሳም ይልሃል፣ ምክንያቱም ናፍታው ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ያለቀው ፓምፕ ውስጥ ለውስጥ ያሾልከዋል። ያንተ እንደዛ አይደለም። ያንተ ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት ነው እምቢ ያለው፣ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ፓምፑ ምን ሆነ» ሳይሆን «ሌሊቱን ምን ተለወጠ» የሚለው ነው።

ሌሊት የቆመ የናፍታ መኪና ላይ ሦስት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ ናፍታው ውስጥ ውሃ ካለ ይዘቅጣል። ማታ ስትነዳ ታንኩ ሲናጥ ውሃና ናፍታው ተደባልቆ ነው ሚሄደው፣ ደግሞ ቱቦውና ፊልትሮው ውስጥ የቀረው የድሮ ንፁህ ናፍታህ ስለነበር እሱ ቤት አድርሶሃል። ሌሊቱን ውሃው ከናፍታ ስለሚከብድ ታች ወረደ፣ ታች ደግሞ መምጠጫው አለ። ሁለተኛ፣ አንድ ቦታ አየር ሚያስገባ ቱቦ ካለ ናፍታው ወደ ታንኩ ተመልሶ ይወርዳል፣ ፓምፑ ጠዋት አየር ነው ሚያኝከው። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ይበርዳል፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሦስተኛውን ከሁለቱ ሚለይልህ ደግሞ ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው ነው፣ ብር አያስወጣም።

እንዲህ አርግ። አንድ ሰው ቁልፉን ይያዝልህ፣ አንተ ከኋላ ሂድና የጭስ ማውጫው ጫፍ አጠገብ ቁም። ቢበዛ 10 ሴኮንድ ያዙር፣ ከዛ አንድ ደቂቃ ይረፍ፣ ሞተሪኖን ያለ እረፍት ማዞር ማቃጠል ነው። ሲያዞር ነጭ ጭስ፣ አይን የሚያቃጥል፣ ያልነደደ ናፍታ የሚሸት ጭስ ከወጣ ናፍታው ሲሊንደር ደርሷል፣ ያጣው እሳት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ፣ እጅህን ብታስጠጋ አየር ብቻ ፑፍ ፑፍ የሚል ከሆነ፣ ናፍታው ጭራሽ አልደረሰም። የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው ሚመጣው። መካኒኩ ጭሱን አይቶ ቢሆን ኖሮ ለፓምፑ ከመፍረዱ በፊት አንድ ቃል ይተነፍስ ነበር ብዬ ነው ማስበው፣ አንተም ስለጭስ ምንም አልፃፍክልኝም።

እኔ ምገምተው ጭስ የለም ነው። የጀሪካኗ ነገር ነው እንደዛ ያስባለኝ። እንግዲህ ከዛ ልጀምር።

መጀመሪያ ግን ማዞርህን አቁም። ቀልድ አይደለም፣ የናፍታ ፓምፕ ቅባቱ ራሱ ናፍታው ነው፣ ውሃ እየሳበ ባዞርከው ቁጥር ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ዛሬ ፓምፑ ደህና ቢሆን እንኳ በውሃ ግማሽ ቀን ስታዞረው ውለህ በገዛ እጅህ ታበላሸዋለህ፣ ያኔ መካኒኩ «አላልኩህም?» ይልሃል።

አንድ ባዶ ሃይላንድ ፈልግ፣ ንፁህና በውስጡ ሚያሳይ። ፊልትሮው ኮፈኑ ስር ነው፣ ታቹ ላይ በእጅ ምትፈታ ትንሽ ማፍሰሻ አለች፣ ራሱ ላይ ደግሞ በመዳፍ ምትጫን የእጅ ፓምፕ አለች። ሃይላንዱን ከታች ደቅነህ ማፍሰሻዋን አላላና ከላይ እየተጫንክ ግማሽ ሊትር ያህል አውርድ። ከዛ ማፍሰሻዋን እሰር፣ ሃይላንዱን ግንብ ላይ አስቀምጠህ ቁርስህን ብላ። ሩብ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ከታች የተለየ ነገር ካየህ፣ ከላይ ቢጫው ናፍታ፣ ከስር የጠራ ወይም የደፈረሰ ውሃ፣ በመሃል መስመር የተሰመረ ይመስል ቁልጭ ብሎ፣ በቃ ሌባው ተያዘ። በሁለቱ መሃል እንደ ንፍጥ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ካለ ደግሞ ውሃው የትናንት ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ ታንክህ ውስጥ ከረመ፣ በውሃና በናፍታ መሃል ሚራባ ተህዋስ አለ፣ እሱ ነው ፊልትሮ ሚደፍነው።

ሰው ሁሉ «የመንገድ ዳር ናፍታ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል» ይላል፣ ውሸትም አይደለም፣ ግን ልብ በል፣ ነጭ ጋዝ ሞተሩን እንዳይነሳ አያደርገውም። ናፍታ ሞተር በነጭ ጋዝ ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ግን ቅባት ስለሌለው ፓምፑንና ናፍታውን ሲሊንደር ውስጥ ሚረጨውን ኖዝል በወራት ውስጥ ይጨርሳቸዋል። በአንድ ሌሊት ሚያስቆምህ ውሃ ነው። ቤንዚን ከተቀላቀለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ በመጭመቅ ቶሎ አይነድም፣ ቢነሳም ያንኳኳል፣ ሃይላንዱን ስትከፍት ሽታው ራሱ ይነግርሃል፣ እንደዛ ከሆነ ሳትሞክር ሙሉውን አስወርደው።

ውሃ ካገኘህ ፊልትሮ መቀየር ብቻ አይበቃህም፣ ታንኩን ራሱ ከስር ባለው ብሎን አፍስሰው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ አዲስ ፊልትሮ ይገዛል፣ መኪናው ይነሳል፣ ደስ ይለዋል፣ መሸንቲ ሳይደርስ ይቆማል፣ ምክንያቱም ውሃው ያው ታንኩ ውስጥ ነው።

ውሃ ካላገኘህስ? አየር ነው። የእጅ ፓምፗን ተጫናት። ደህና ሲሆን ከተወሰነ ምት በኋላ ትጠነክርብሃለች፣ መዳፍህን ትገፋለች። 50 ጊዜ ተጭነህም እንደ እርጥብ ስፖንጅ ልፍስፍስ ካለች አየር እየሳበች ነው፣ ወይም ራሷ ውስጧ ያለው ላስቲክ ተቀዷል፣ በዙሪያዋ ናፍታ ካረጠባት ራሷ ናት። ከታንክ እስከ ፊልትሮ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ እጠፋቸው፣ የደረቀ ቱቦ ሲታጠፍ ስንጥቁን ያሳይሃል። ቱቦዎቹን ሚያስሩትን ፋሼታዎች አጥብቃቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ናፍታ ሚያንጠባጥብ ቱቦ ሁሌ ሚታይ አይደለም፣ በመምጠጥ በኩል ያለ ስንጥቅ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ወደ ውጭ ላያፈስ ይችላል፣ መሬቱ ደረቅ ነው ብለህ አትታለል። መኪናዋን ማታ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አድርገህ አቁመህ ከነበረ ደግሞ ጥርጣሬዬ ይጨምራል፣ ናፍታው ወደ ኋላ ለመውረድ ተመችቶታል።

ውሃም ይሁን አየር፣ ጥፋቱ ከታንኩ በኩል መሆኑን ለመለየት የኔ ትልቁ መላ የጀሪካን ፈተና ነው። በጀሪካን የገባን ችግር በጀሪካን ማውጣት በለው። ከምታምነው ማደያ 5 ሊትር ንፁህ ናፍታ አምጣ፣ ከታንኩ መጥቶ ፊልትሮው ላይ ሚገባውን ቱቦ ንቀል፣ በሱ ቦታ ሌላ ቱቦ ሰክተህ ጫፉን ጀሪካኑ ውስጥ ንከር፣ ጀሪካኑን ከሞተሩ ከፍ አድርገህ አስቀምጥ። ቱቦው ውስጡ ሚያሳይ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ አረፋ ሲያልፍ በአይንህ ታየዋለህ። በእጅ ፓምፗ እስክትጠነክር ተጫን፣ ከዛ አስነሳ። ከተነሳ ፓምፑም ኖዝሉም ማሞቂያ ካንዴላውም ነፃ ወጡ፣ ችግሩ ከፊልትሮው ወደ ኋላ ነው፣ ታንክ ወይም ቱቦ።

ይሄን ምልህ በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። አንድ ጊዜ የደንበኛ አባዱላ ዱርቤቴን አልፎ ዳንግላ ሳይደርስ ይቆማል፣ 10 ደቂቃ ያርፋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። እኔም ያው እንዳሁኑ መካኒክህ ደፋር ነበርኩ፣ «ፓምፕ ነው» አልኩ፣ አወረድኩ፣ አዲስ አበባ ተላከ፣ ሳምንት ቆይቶ «ምንም የለውም» ተብሎ መጣ፣ ገጠምኩት፣ ተሳፋሪ ጭኖ ወጣ፣ እዛው ቦታ ቆመ! በመጨረሻ ታንኩን ስናወርድ ውስጡ የመዳፍ ስፋት ያላት ጥቁር ፌስታል ተገኘች። ጀሪካን እንዳይፈስ ክዳኑ ስር ፌስታል አድርገው ሚያጠብቁትን ታውቃለህ አይደል፣ ያቺው ናት፣ ሲሞላ ተቀዳ ገባች። ሲነዳ መምጠጫው ይስባትና ትለጠፋለች፣ ሲጠፋ ለቃ ትንሳፈፋለች፣ ለዛ ነው 10 ደቂቃ ሲያርፍ ሚነሳው። የፓምፕ ማስወረጃውን እኔ ነኝ የከፈልኩት። ያንተ ጀሪካን ክዳን ላይ ፌስታል ነበረ ወይ? አስታውስ እስቲ።

አሁን ናፍታው ንፁህ ሆኖ አየርም ሳይኖር ጭስ ከሌለ፣ አንዲት ትንሽ ነገር አለች፣ ፓምፑ ላይ ከኋላ በኩል አንድ ሽቦ ብቻ የገባባት ናፍታ መዝጊያ ሶሌኖይድ። ቁልፉን ስትከፍት መብራት አግኝታ መንገዱን ትከፍታለች፣ ስትዘጋ ትዘጋለች፣ ሞተሩ ሚጠፋውም በሷ ነው። ሬዲዮውን አጥፋ፣ ሰው ቁልፉን ይክፈት ይዝጋ፣ አንተ ጆሮህን አስጠግተህ ወይ ጣትህን ጭነህ «ጠቅ» ስትል ስማ። ጠቅ ካላለች ቴስተር አምጣና ሽቦዋ ላይ 12 ቮልት መኖሩን እይ። ሽቦው ላይ መብራት ከሌለ ፊውዝ ነው፣ ወይ ደግሞ፣ ይሄ እኛ ጋ በጣም ነው ሚበዛው፣ አላርም ሲገጠም ኤሌትሪሺያኑ ሌባ እንዳያስነሳው ብሎ ይቺኑ ሽቦ ቆርጦ በአላርሙ አሳልፎታል፣ ያቺ መጋጠሚያ ስትዝግ ወይ የሪሞቱ ባትሪ ሲደክም ራስህን ሌባ ያረግሃል። ለፈተና ያህል ሽቦዋን ነቅለህ በፊውዝ አድርገህ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሌላ ሽቦ ስጣትና አስነሳ። ከተነሳ ምስጢሩ ተገኘ፣ ለማጥፋት ሽቦዋን መንቀል ነው።

ከዛም ካልሆነ በ17 ቁልፍ አንዱን ኖዝል ላይ ያለውን ዳዶ ግማሽ ዙር አላላና ያዙሩ። ናፍታ እየዘለለ ከወጣ ፓምፑ እየሰራ ነው። ካልወጣ፣ አዎ፣ አሁን ገና ስለፓምፕ ማውራት ይቻላል። እጅህን አታስጠጋ፣ መነፅር አርግ፣ በግፊት ሚወጣ ናፍታ ቆዳ ይበሳል፣ ከበሳህ ደግሞ ትንሽ ነጥብ ናት ብለህ እንዳትተዋት፣ ቀጥታ ሃኪም ቤት ነው። ይሄን ሚያነብ ዲፎርዲ (በኮምፒውተር ሚሰራው አዲሱ የቶዮታ ናፍታ ሞተር) ያለው ሰው ካለ ደግሞ ይሄን ፈተና እንዳይሞክር፣ በጭራሽ፣ የሱ ግፊት ከዚህኛው ጋር አይገናኝም፣ ሲሰራ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል። ለዲፎርዲ ኮምፒውተር ሰክቶ ሲያዞር የሬሉን፣ ማለትም ለኖዝሎቹ ናፍታ ሚያከፋፍለውን ቧንቧ ግፊት ማንበብ ነው፣ ግፊቱ ካልወጣ ኖዝሎቹ ወደ መመለሻው ምን ያህል እንደሚያፈሱ ይለካል፣ ከዛ በፊት ግን የቁልፍ ምልክቷ መብራት እየበራች እየጠፋች ከሆነ መኪናው ቁልፍህን አላወቀውም ማለት ነው።

እሺ፣ ጭስ ካለስ? ነጭ ጭስ ካለ ወደ ሦስተኛው እንሂድ፣ ወደ ብርዱ። ናፍታ ሞተር ብልጭታ የለውም፣ አየሩን 22 እጥፍ ገደማ ጨምቆ በዛ ሙቀት ነው ሚያነደው፣ ጠዋት ብረቱ በረዶ ሲሆን ሙቀቱን ይሰርቀዋል፣ ለዛ ነው ማሞቂያ ካንዴላ ያለው። ባህር ዳር ሙቅ ነው ብለን እንፎክራለን እንጂ ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነፃፀር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ በህዳርና ታህሳስ ንጋት ደግሞ ሃይቁ ዳር ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። በነገራችን ላይ «ናፍታው በብርድ ረግቶ ነው» ሚሉህን አትስማ፣ ናፍታ ለመርጋት ዜሮ አካባቢ ይፈልጋል፣ እዚህ አይረጋም።

ክሩስኮቶው (ዳሽቦርዱ) ላይ ያለችው የማሞቂያ መብራት በርታ መጥፋቷ ካንዴላዎቹ ሞቀዋል ማለት አይደለም፣ መብራቷ ሰዓት ነው ምትቆጥረው። 4ቱን ሚያገናኘውን ቆርቆሮ ፍታና በቴስተር አንድ በአንድ ለካ፣ ደህናው ከ1 ኦም ብዙም አይርቅም፣ ምንም ካላነበበ ሞቷል። አንዱ ቢሞት ይነሳል፣ እየተንቀጠቀጠ እያጨሰ ይነሳል። ሦስት ከሞቱ ነው ጠዋት እምቢ ሚለው። 4ቱም ደህና ከሆኑ ሬሌው መብራት እየሰጠ መሆኑን እይ። ስታወጣቸው በግድ አትጠምዝዝ፣ ጫፋቸው ተሰብሮ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ከቀረ ቀንህ ተበላሸ።

አንድ ነገር ደግሞ እባክህ፣ ጎረቤት መጥቶ ጨርቅ ቤንዚን ነክሮ አየር ማጣሪያው ላይ ልያዝልህ ቢልህ ቡና ጋብዘህ ሸኘው። ካንዴላው እየጋለ ቤንዚን ወይ ስፕሬይ ማስሳብ ፒስተን ሚሰብር ፍንዳታ ነው። መግፋትም ፋይዳ የለውም፣ ሞተሪኖህ በደንብ እያዞረልህ ልጆቹን ምን ታለፋቸዋለህ? በደንብ ማዞሩን ግን አረጋግጥ፣ ሲያዞር ባትሪው ላይ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ አዲስ ነው ብለህ አትመነው፣ ናፍታ ሞተር ዝግ ብሎ ከዞረ አየሩ ሳይሞቅ በፒስተኑ ቀለበት፣ በፋሻው ያመልጣል።

በተቃራኒው ከወትሮው ፈጥኖና ቀሎት፣ «ጉር ጉር» ሳይል «ዊዊዊ» እያለ ሚያዞር ከሆነ ወዲያው አቁም። ታይሚንግ ቤልት፣ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን ሚከፍተውን ዘንግ) ሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጥሶ ይሆናል። የዘይት መሙያ ክዳኑን ክፈትና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እያየህ ትንሽ ያዙሩ፣ ካምሻፍቱ ከታች ይታይሃል፣ ካልዞረ ቤልቱ የለም፣ ቫልቮቹም ፒስተኑን ሳይነኩት አይቀሩም። አንተ ግን ማታ አጥፍተህ ጠዋት ስለሆነ ይሄ እድሉ ትንሽ ነው። ቤልቱም ካንዴላውም ደህና ሆኖ ነጩ ጭስ ከቀጠለ ያኔ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ሚጨምቅበት ግፊት) ይለካ፣ አዲስ ሆኖ 32 ባር አካባቢ ነው፣ ከ20 በታች ከሆነ ሞተሩ ራሱ ደክሟል፣ ያኔም ቢሆን ለአዲስ አበባ ሚላክ ፓምፕ የለም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ቅደም ተከተልህ ጭስ፣ ሃይላንድ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ጀሪካን ነው፣ እነዚህን ሳትጨርስ ማንም ፓምፑ ላይ መፍቻ እንዳያነሳ። ከተነሳልህ ቶሎ አታጥፋው፣ ቆሞ 20 ደቂቃ ይስራ፣ የቀረ አየር ካለ እየተንገጫገጨ ይወጣለታል።

ከታንኩ ያወረድከውን ናፍታ ደግሞ ሃይቁ ዳር ወይ ቦይ ውስጥ እንዳትደፋው፣ ቦዩ ጣና ነው ሚገባው። ሳይናወጥ ሁለት ቀን አስቀምጠው፣ ውሃው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀድተህ ለጋራዥ ልጆች ስጣቸው፣ ዕቃ ያጥቡበታል።